ጠመንጃው በማን ስም ይሁን?

ሰሞኑን እህል በረንዳ አካባቢ ከአንድ የፍኖተ ሰላም ነጋዴ ጋር ቡና ስንጠጣ ወሬያችን ከበቆሎና ከበርበሬ ዋጋ ተነስቶ ጠመንጃ ላይ ደረሰ። ሰውየው ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ መጋዘን ያላቸው፣ ቡሬ ላይም ሁለተኛ ለመክፈት የሚያስቡ ናቸው። አሜሪካ የሚኖረው የእህታቸው ልጅ በስልክ አንድ ምክር ሰጥቷቸዋል። «ጋሼ፣ እዚህ አገር አዋቂ ሰው መሣሪያውን በራሱ ስም አያደርግም። ትረስት ያቋቁምና በትረስቱ ስም ያስመዘግባል። እርስዎም የአያቴን ምንሽርና የመጋዘኑን ክላሽ እንደዚያ ቢያደርጓቸው ነገ ልጆቹ አይጣሉም» ብሏቸዋል። ነጋዴው አሳቡ ጥሟቸዋል። ጠበቃ ዘንድ ከመሄዳቸው በፊት ግን «አንተ የተማርክ ነህና እስቲ ንገረኝ፤ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥያቄው በገበያ ገጽ ላይ መነሳቱ አንባቢያንን ሊያስገርም አይገባም። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ጠመንጃ እንደ በሬ ሁሉ ሀብት ነው። ገበሬው ምርቱን ሸጦ ይገዛዋል፣ ለቅሶና ሠርግ ላይ ይዞት ይቆማል፣ ሲሞትም ያወርሰዋል። ከፈረንሳይ የመጣው ውጅግራ ጊዜው ካለፈ በኋላ ምንሽር፣ ከምንሽር በኋላ ክላሽ ተተክቷል። የሚያከራክረው ይህ ሀብት በምን ዓይነት ሕጋዊ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ የሚለው ነው።

በመጀመሪያ የአሜሪካኖቹን ነገር እንመልከት። ትረስት በእኛ ቋንቋ አደራ ማለት ነው። የጠመንጃ አደራ እዚያ የተስፋፋው በአንድ ሕግ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ መትረየስ፣ የድምፅ ማፈኛና አፈሙዙ ያጠረ ጠመንጃ በመዝገብ እንዲያዙ፣ ሲሠሩና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉም 200 ዶላር ቀረጥ እንዲከፈልባቸው አዘዘ። 200 ዶላር በዚያን ዘመን የአንድ መትረየስ ዋጋ ያህል ነበር። ለእነዚህ ዕቃዎች ግለሰብ ሲያመለክት አሻራና የአካባቢው የፖሊስ ሹም ፊርማ ይጠየቅ ነበር፤ አደራ ሲያመለክት ግን አይጠየቅም ነበር። በሌላ በኩል የተመዘገበውን ዕቃ ባለቤቱ በሌለበት ሚስቱ ብትይዘው እንኳ ልትከሰስ ስለምትችል፣ ቤተሰቡን በሙሉ ባለአደራ አድርጎ ማስገባት ጥሩ መላ ሆኖ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በአደራው ውስጥ ኃላፊነት ያለው ሰው ሁሉ አሻራና ፎቶግራፍ እንዲያቀርብ ስለተደረገ የመጀመሪያው ጥቅም ቀርቷል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2026 ወዲህ ደግሞ ከመትረየስና ከአውዳሚ መሣሪያዎች በስተቀር የ200 ዶላሩ ቀረጥ ራሱ ወደ ዜሮ ወርዷል። ተራ ጠመንጃና ሽጉጥ ድሮም በዚያ ሕግ ውስጥ አልነበሩም። የእህት ልጅ የነገራቸው ውሸት አይደለም። መድኃኒቱ ግን ለሌላ በሽታ የታዘዘ ነው።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች

የእኛ ሕግስ ምን ይላል? አደራ ለኢትዮጵያ ሕግ እንግዳ አይደለም። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ይደነግገዋል። አንድ ሰው ከሀብቱ ከፍሎ ራሱን የቻለ ንብረት ያደርገዋል፤ ባለአደራ ይሾምበታል፤ ባለአደራውም በተሰጠው መመሪያ መሠረት ያስተዳድረዋል። በስጦታም በኑዛዜም ማቋቋም ይቻላል። መሬት ላይ ላለ ቤት ወይም ለባንክ ገንዘብ ቢሆን የሚናቅ መንገድ አይደለም፤ ነጋዴዎቻችን አለማወቃቸው ያሳዝናል።

ጠመንጃ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይሰናከላል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ቁጥጥሩን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቶ፣ መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ መሠረተ። ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ ተጣርቶ ለታወቀ አመልካች ነው። እዚህ ላይ ባለቤትነትና ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማስተዋል ያስፈልጋል። ለነጋዴ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። አባት ሲሞት ሱቁን ልጅ ይወርሳል፤ የአባትየው የንግድ ፈቃድ ግን አይወረስም፣ ልጁ በራሱ ስም ማውጣት አለበት። ጠመንጃም እንደዚሁ ነው። አደራ ሊሸከም የሚችለው ባለቤትነቱን ብቻ ነው። ምንሽሩን ሦስት ወንድማማቾች ባለአደራ ሆነው ቢረከቡት፣ በእጁ የሚይዘው ሰው ያው ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። እንዲያውም የአደራው ሰነድ የመሣሪያውን ዓይነትና ቁጥር ዘርዝሮ ስለሚይዝ፣ ፈቃድ ለሌለው ሰው ማስረጃ የሚሆነው በራሱ ላይ ነው።

ታዲያ የልጆቹ ጠብ እንዴት ይገላገላል? በሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ወራሾች ናቸው። አንድ ምንሽር ለአምስት ልጅ አይቆረጥም። ሸጠው እንዳይካፈሉ ደግሞ ጠመንጃ በሬ አይደለም፤ ሻጭም ገዢም ከፈቃድ ሥርዓቱ ውጭ ሊገበያዩ አይችሉም። የተሻለው መንገድ አሮጌው መንገድ ነው፤ ኑዛዜ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክር ፊት ተነቦ ይፈረማል፤ ወጪውም ኢምንት ነው። ምንሽሩን ለአንዱ ልጅ፣ ለሌሎቹ ተመጣጣኝ ሌላ ንብረት ብሎ መጻፍ ይቻላል። የተሰጠው ልጅ በራሱ ስም ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ የማያገኝ ልጅ መምረጥ ግን ጠቡን ለነገ ማሳደር ነውና ተናዛዡ በቁሙ እያለ ቢያጣራ ይበጀዋል።

ግምቱ ግን ቀላል አይደለም። ለአምስት ልጅ ለማካካስ የጠመንጃው ዋጋ መታወቅ አለበት፤ የአደባባይ ገበያ የሌለው ዕቃ ደግሞ የአደባባይ ዋጋ የለውም። ሽማግሌ የሚቆርጠው ዋጋ የጓዳውን ገበያ ተከትሎ ነው፤ የጓዳው ገበያ ደግሞ ሰላም ሲደፈርስ ይንራል፣ ሲረጋ ይወርዳል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በኢኮኖሚክስ ትምህርት ያገኘውን ሚዛን ተጠቅሞ ቢመዝነው፣ ጠመንጃ በነጋዴ የሀብት መዝገብ ላይ ዜሮ ተብሎ ቢያዝ ይሻላል ባይ ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ለከብትና ለሰብል የብድር በር ከፍቷል። ጠመንጃ አስይዞ ብድር እጠይቃለሁ የሚል ደንበኛ ግን የባንኩን ዘበኛ ከማስደንገጥ በቀር የሚያተርፈው የለም።

የመጋዘኑ ክላሽ

የመጋዘኑ ጉዳይ ከውርሱ የተለየ ነው። ቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተሠራባትና በ2013 ዓ.ም ትልቁ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ከተመረቀባት ወዲህ ጥበቃ የሚያስፈልገው ዕቃ በዝቷል። ባለመጋዘኖች ሁለት ልማድ አላቸው። አንዱ ጠመንጃ ያለውን ሰው ከነጠመንጃው በዘበኝነት መቅጠር ነው። ብዙዎች «መሣሪያው የእሱ ነው፣ ጣጣውም የእሱ ነው» ይላሉ። ስህተት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2130 መሠረት ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ጥፋት ሠርቶ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪው በካሣ ይጠየቃል። ዘበኛው ሌሊት ጥላ አይቶ ቢተኩስና መንገደኛ ቢመታ የጥይቱ ባለቤትነት ባለመጋዘኑን አያድነውም።

ሁለተኛው ልማድ ባለቤቱ በስሙ ያለውን ክላሽ ማታ ማታ ለዘበኛው ማስረከብ ነው። ይህ ከመጀመሪያውም የባሰ ነው፤ ፈቃዱ ኪስ ውስጥ፣ ጠመንጃው ሌላ ሰው ትከሻ ላይ ነውና። የሚያዛልቀው ድርጅቱ በድርጅትነቱ ለጥበቃ ፈቃድ እንዲጠይቅ ማድረግ፣ ካልሆነም ፈቃድ ካለው የጥበቃ ድርጅት ጋር መዋዋል ነው። በ2013 ዓ.ም የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ፣ «ድርጅት ለማቆም ሸሪክ ከየት አመጣለሁ» የሚለው ምክንያት አብቅቷል። ማኅበሩ ሰው ሲሞት አይሞትም። የእህት ልጅ ከአደራው የፈለገው ይህንኑ ነበር።

ነጋዴው እስከዚህ ሰምተው «ሁሉም መዝገብ ላይ መውጣት ነው» አሉ። ስጋታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ጎጃም በ1960 ዓ.ም በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ባመፀ ጊዜ የመሣሪያ ምዝገባም ከምሬቱ ሰበቦች አንዱ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይጠቅሳሉ። ባላገር የምዝገባን ወረቀት ሲያይ የመግፈፍ ዋዜማ አድርጎ ያየዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በክልሉ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ በ2016 ዓ.ም ለተጨማሪ አራት ወር ሲራዘም መሣሪያ ያለው ቤት ሁሉ በሥጋት አድሯል። አዋጁ በታወጀ በሳምንቱ ገደማ ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ ፍንዳታ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የመሣሪያ ዝርዝር በማን እጅ ይገባል ብሎ መጨነቅ ተገቢ ነው። ይሁንና አደራው ለዚህም መደበቂያ አይሆንም። ያልተመዘገበ ጠመንጃ በአደራም ቢቀመጥ ያልተመዘገበ ነው፤ የተመዘገበውም በአደራ ስም ስለሆነ ከመዝገብ አይጠፋም። ሥጋቱ ካየለባቸው መሣሪያውን ጭራሽ አለመያዝ ይሻላቸዋል። ለመጋዘን ደግሞ ጥሩ ቁልፍ፣ መብራትና የኢንሹራንስ ውል ከአንድ ክላሽ ይልቅ ሊያስተኛ ይችላል።

ነጋዴው ቡናቸውን ጨርሰው ምንሽሩን ለሁለተኛው ልጃቸው በኑዛዜ እንደሚያደርጉ፣ ለቡሬው መጋዘን ማኅበር ማቋቋሙንም ከሒሳብ ሠራተኛቸው ጋር እንደሚመክሩ ነገሩኝ። ስንሰነባበት የፍኖተ ሰላሙ ክላሽ አሁን በማን ስም እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«በወንድሜ» አሉ።

«እሳቸው ምን ይላሉ ታዲያ?»

«ምን ይላል፤ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው።»

ክላሹን ማታ ማታ ዘበኛው ይዞት ያድራል።