የባሌት ተመልካች በቦልሾይ ቲያትር

ከክሬምሊን የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ የሚገኘው የሞስኮው ቦልሾይ ቲያትር በባሌት ስማቸው ከገነነ የዓለም መድረኮች አንዱ ነው። የአሁኑ አዳራሽ የተከፈተው በ1856 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እዚያው ቦታ ላይ በ1825 የተከፈተውን ቲያትር በ1853 እሳት በልቶት ነበር። ስለ ቤቱ ዳንሰኞች ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል። ተመልካቹ ግን ወንበር ከመሙላት ያለፈ ድርሻ ያለው አይመስልም። የባሌት ምሽት መልክ የሚይዘው ግን በመድረኩ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው የት እንደተቀመጠ፣ ምን አውቆ እንደመጣና መቼ እንደሚያጨበጭብም ይወስነዋል።

ምሽቱ የሚጀምረው ከካፖርት ማስቀመጫው ነው። በክረምት ከባድ ካፖርት ለብሶ አዳራሽ መግባት ነውር ስለሆነ ተመልካቹ ልብሱን ለሠራተኛዋ አስረክቦ ቁጥር ያለበት ምልክት ይቀበላል። ብዙ ሴቶች የበረዶ ቦቲያቸውን በፌስታል ይዘው በመጡት ቀጭን ጫማ የሚቀይሩት እዚሁ ነው። ጋርዴሮብ የሚባለውን ይህን ወግ በሶቪየት ኅብረት የተማሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በደንብ ያውቁታል፤ ከቲያትር እስከ ዩኒቨርሲቲ ያልነበረበት ቤት አልነበረም። ሱፍና ከረባት ዛሬ ግዴታ አይደለም። አዘውታሪው ግን አሁንም ለብሶ ነው የሚመጣው፤ በጂንስ የገባ ባይባረርም የጎረቤቱን ዓይን ይቀምሳል።

ከዚያ ደወል ይደወላል፤ ሦስት ጊዜ። በመጀመሪያው ሰዉ ከፎቶ ማንሳት አይላቀቅም፣ በሁለተኛው ወደ ወንበሩ ይጎርፋል፣ ከሦስተኛው በኋላ በር ይዘጋል። ያረፈደ ሰው የከፈለበትን ወንበር የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ በእረፍት ሰዓት ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በአፍሪካዊ ቅድመ አያቱ የተነሣ ኢትዮጵያውያን እንደ ዘመድ የሚያዩት፣ አዲስ አበባም በስሙ አደባባይ ያቆመችለት አሌክሳንደር ፑሽኪን የዘመኑን የባሌት ተመልካች ቁልጭ አድርጎ ሥሎታል። የ«ዬቭጌኒ ኦኔጊን» የመጀመሪያ ምዕራፍ የወጣው ቦልሾይ በተከፈተበት በ1825 ነው፤ ታሪኩ ግን የፒተርስቡርግ ነው። ባለታሪኩ አርፍዶ ይገባል፣ የተቀመጡትን ሰዎች እግር እየረገጠ ያልፋል፣ መነጽሩን በሎዥ (በተከለሉት የሰገነት ክፍሎች) ወደተቀመጡ የማያውቃቸው ሴቶች ያዞራል፣ የሚያውቀውን ሁሉ እጅ ይነሣል፣ በመጨረሻ መድረኩን በጨረፍታ አይቶ ያዛጋና ባሌት ሰለቸኝ ይላል። በዚያ ዘመን አዳራሹ ትርኢቱ እስኪያልቅ በብርሃን እንደተሞላ ይቆይ ስለነበር ሰው ቲያትር የሚሄደው ለማየት ያህል ለመታየትም ነበር። የተመልካቹን ወገን አጨልሞ ዓይንን ሁሉ ወደ መድረክ የማዞር ልማድ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ለዚህም ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሪቻርድ ዋግነር በ1876 ባይሮይት ላይ የከፈተው ቲያትር ትልቅ አርአያ ሆኗል።

ብርሃኑ ቢጠፋም የአዳራሹ ቅርጽ የዚያው ዘመን ነው። ቦልሾይ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ሲሆን መሬቱ ላይ ፓርተር የሚባለው የወንበር ረድፍ፣ ከሱ በላይ ተደራርበው የሚወጡ ወርቅ ቅብ ሰገነቶች፣ በመሐል ከመድረኩ ፊት ለፊት የቀድሞዎቹ ነገሥታት ሎዥ፣ ከጣሪያው ደግሞ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን ቻንደሊየር አለው። ከ2005 እስከ 2011 በተደረገው ትልቅ እድሳት፣ በሶቪየት ዘመን ከ2,100 በላይ የነበረው ወንበር ወደ 1,740 ገደማ ዝቅ ብሏል። በኮቴ ቅርጽ አዳራሽ ደግሞ ሁሉም ወንበር እኩል አያይም። በጎን ሎዥ ሁለተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ግማሽ መድረክና የጎረቤቱን ትከሻ እያየ ሊያመሽ ይችላል፤ ርካሽ ትኬት የሚረክስበት ምክንያት አለው።

ውድ ትኬትም ቢሆን ሁልጊዜ የተሻለውን አያሳይም። ከፊት ረድፎች የተቀመጠ ተመልካች ከሩቅ የማይሰማውን ይሰማል። የባሌት ጫማ ጫፍ ጨርቅና ወረቀት በሙጫ ተነባብሮ የሚሠራ ስለሆነ፣ አዲስ ሲሆን ወለሉን ሲመታ ኳ ኳ ይላል። ዳንሰኞች ከትርኢት በፊት ጫማቸውን ግድግዳና ደረጃ ላይ እየመቱ የሚያለሰልሱት አንዱም ለዚሁ ነው፤ አንድ ጥንድ ጫማ በአንድ ምሽት ሊያልቅ ይችላል። ከዚሁ ወንበር የዳንሰኞቹ ላብ ሲወርድ ይታያል፣ ከከባድ ዝላይ በኋላ በፈገግታ ውስጥ የሚያመልጠው የትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥታም ይሰማል። ባሌት ክብደት የሌለው ጥበብ ነው ብሎ የመጣ ሰው እዚህ ሐሳቡን ይቀይራል።

ከፊት የተቀመጠው ግን የዳንሰኞቹን አሰላለፍ አያይም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የዳንስ አቀናባሪው ማሪዩስ ፔቲፓ በ1877 በፒተርስቡርግ ያቀረበው «ላ ባያዴር» ነው። በዚህ ባሌት የሟቾች መንፈስ ሆነው የሚቀርቡ ሴቶች ነጭ ለብሰው ከዳገት በአንድ ሰልፍ ይወርዳሉ። አንዷ አንድ እግሯን ወደኋላ ዘርግታ ታጎነብሳለች፣ ቀና ብላ ሁለት እርምጃ ትራመዳለች፣ ከኋላዋ ሌላዋ ትከተላለች፤ እንዲህ እየሆነ እንደየቤቱ አቅም 24 ወይም 32 ዳንሰኞች መድረኩን ይሞላሉ። ከፓርተር ሦስተኛ ረድፍ ሲታይ የፊተኞቹ የኋለኞቹን ይጋርዳሉ። ከመጀመሪያው ወይም ከሁለተኛው ሰገነት መሐል ግን ሰልፉ ሲጠማዘዝ፣ መስመሩ ሲስተካከል፣ የአንዷ ክንድ ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ካለም ጥፋቱ ሳይቀር ይታያል። በጋራ ዳንስ ለሚገነባ ባሌት መሐል ሰገነት ከፊት ረድፍ ይበልጣል፤ የዳንሰኞቹ የፊት ገጽታ የጎደለበት ሰው በኪራይ መነጽር ይሞላዋል።

አዲስ ተመልካች በብዛት የሚያማርረው ታሪኩ አልገባኝም ብሎ ነው። ቃል የማይነገርበት ጥበብ ነውና ቅሬታው ውሃ ያነሣል፤ ሆኖም የድሮዎቹ ባሌቶች የራሳቸው የእጅ ቋንቋ አላቸው። ሁለት እጅ ከራስ በላይ እየተጠቀለለ ሲወጣ «እንደንስ» ነው። የቀለበት ጣትን መጠቆም ጋብቻ ነው። ሁለት ጣት ወደ ሰማይ ማንሳት መሐላ፣ ጡጫ ጨብጦ እጆችን ከፊት ማመሳቀል ሞት ነው። በ1841 ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው «ጂዜል» ውስጥ መስፍኑ አልብረሽት ማንነቱን ደብቆ ለገጠሯ ልጅ እነዚያን ሁለት ጣቶች ያነሣል። ምልክቱን የማያውቅ ሰው ቆንጆ አቋቋም ብሎ ያልፈዋል፤ የሚያውቀው ግን ልጅቷ በሐሰት መሐላ እየተሞኘች መሆኑን ከወዲሁ ይረዳል፣ በኋላ ልቧ ሲሰበርም አይደንቀውም። በሶቪየት ዘመን የተሠሩ ዝግጅቶች ይህን የእጅ ቋንቋ በብዛት ቀንሰው በዳንስ ተክተውታል። የለንደኑ ሮያል ባሌት ግን ጠብቆ አቆይቶታል። ስለዚህ አንዱ ባሌት በሞስኮና በለንደን ሲታይ ለተመልካቹ አንድ ነገር አይነግረውም።

ጭብጨባ ሌላው ጣጣ ነው። በሲምፎኒ ኮንሰርት በመሐል ማጨብጨብ ያሳፍራል፤ በባሌት ግን ዋናዋ ዳንሰኛ ብቅ ስትል፣ ብቻዋን የደነሰችው ሲያልቅ፣ ጥንዶቹ ሲጨርሱ ይጨበጨባል፤ ዳንሰኞችም ትርኢቱን አቁመው እጅ ይነሣሉ። «የስዋኖች ሐይቅ» ለዚህ የታወቀ ፈተና አለው። ቻይኮቭስኪ ሙዚቃውን የጻፈለት ይህ ባሌት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1877 በዚሁ በቦልሾይ ቢሆንም፣ ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የያዘው በ1895 በፒተርስቡርግ ነው። በዚያ ዝግጅት ጣሊያናዊቷ ፒዬሪና ሌኛኒ በአንድ እግሯ ጫፍ ላይ ሳታቋርጥ 32 ጊዜ ተሽከረከረች። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ልብስ የምትለብሰው ገጸ ባሕርይ ፉዌቴ የሚባለውን ይህን ዙር ስትጀምር ግማሹ አዳራሽ በልቡ ይቆጥራል። ጭብጨባው ከግማሽ በኋላ ይፈነዳና ኦርኬስትራውን ይውጠዋል። ቁጥሩ ሞላ አልሞላ ብቻ የሚጠብቅ ተመልካች ዳንሱን እንደ ሰርከስ ነው የሚያየው ብለው የሚያማርሩ ብዙ ናቸው። ቅሬታቸው ተገቢ ነው፤ ግን የሚሰማቸው የለም።

ጭብጨባው ሁሉ ከልብ የመነጨም አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ ኦፔራ ኦጉስት ለቫሰር የተባለ ሰው ተቀጣሪ አጨብጫቢዎችን እየመራ የት ላይ ሞቅ፣ የት ላይ ቀዝቀዝ እንደሚባል አስቀድሞ ያሰናዳ ነበር። ክላክ የሚባለው ይህ ልማድ በቦልሾይም ዕድሜ አለው፤ ከሰገነት «ብራቮ» የሚጮሁት ክፍያቸውን በትኬት እንደሚያገኙ ጋዜጦች ጽፈዋል። ፍቅርም ወሰን ያልፋል፦ በ1842 ዳንሰኛዋ ማሪ ታሊዮኒ ከፒተርስቡርግ ስትለይ አድናቂዎቿ የባሌት ጫማዋን ገዝተው አስቀቅለው በሱጎ በሉት የሚባል ወሬ እስከ ዛሬ ይወራል። ቁጣውም እንዲሁ ነው። በሜይ 29 ቀን 1913 የሙዚቃ ደራሲው የስትራቪንስኪና የዳንስ አቀናባሪው የኒዢንስኪ «የጸደይ ሥርዓት» በፓሪስ ሲታይ ጩኸቱ ከመበርታቱ የተነሣ ዳንሰኞቹ ሙዚቃውን መስማት ስላቃታቸው፣ ኒዢንስኪ ከመድረኩ ጎን ወንበር ላይ ቆሞ ቆጠራውን ይጮኽላቸው ነበር።

እረፍት ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ቡፌው ይጨናነቃል፣ በቀይ ካቪያር የተቀባ ዳቦና ሻምፓኝ ዋጋው ይናራል፣ አዘውታሪዎች የዛሬዋን ዳንሰኛ ካለፈው ዓመቷ ጋር እያነጻጸሩ ይከራከራሉ።

መጋረጃው ሲዘጋ ምሽቱ አላለቀም። ዳንሰኞቹ እየተመላለሱ እጅ ይነሣሉ፣ መሪ ዳንሰኛዋ የኦርኬስትራውን መሪ እጁን ይዛ ታወጣዋለች፣ አበባ ይቀርባል። በሩሲያ አበባው በቁጥር ጎዶሎ መሆን አለበት፤ ሙሉ ቁጥር ለቀብር ነው። ተመልካቹ ዝም እስኪል መጋረጃው ስለሚከፈት ምሽቱን የሚዘጋው ተመልካቹ ነው ማለት ይቻላል። በ1964 ሩዶልፍ ኑሬዬቭና ማርጎት ፎንቴይን በቪየና «የስዋኖች ሐይቅ»ን ደንሰው ሲጨርሱ 89 ጊዜ እየተመለሱ እጅ እንዲነሡ ተገድደዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው ከረጅሙ «የስዋኖች ሐይቅ» ይልቅ ሁለት ክፍል ብቻ ባለው «ጂዜል» ወይም በ«ነትክራከር» ቢጀምር ይቀለዋል፤ ታሪኩን ቀድሞ ያንብብ፣ መሐል ሰገነት ላይ ወንበር ይፈልግ። ለአዲስ ዓመት የሚታየውን «ነትክራከር» የመረጠ ደግሞ ትኬቱን ቀደም ብሎ ይያዝ፤ በቦልሾይ ከትኬት ሁሉ ለማግኘት የሚያስቸግረው የዚያ ሰሞን ነው።