ለመኪና የአየር ማስገቢያና ማጣሪያ ሲመረጥ ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

የመኪና ሞተር የሚሠራው ነዳጅን ከአየር ጋር ቀላቅሎ በማቃጠል ነው። ቤንዚን በአግባቡ እንዲቃጠል በክብደት ወደ 14.7 እጥፍ የሚጠጋ አየር ያስፈልገዋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ይህ ለ1 ሊትር ቤንዚን ከ10 ሺህ ሊትር የሚበልጥ አየር ማለት ነው። አየሩ ወደ ሞተሩ የሚገባው በተለምዶ «ፊልትሮ» በሚባለው የአየር ማጣሪያና ከእርሱ ጋር በተያያዘው ቱቦ በኩል ነው።

ፋብሪካው ከገጠመው የተለዩ የአየር ማስገቢያዎች «ጉልበት ይጨምራሉ፣ ነዳጅ ይቆጥባሉ» እየተባሉ በገበያ ላይ ይሸጣሉ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በመከልከሉ፣ ባለንብረቶች በእጃቸው ያለውን ሞተር ለረጅም ጊዜ ጠብቀው መያዝ ይኖርባቸዋል። በመሆኑም ምርጫው በማስታወቂያ ሳይሆን በዕውቀት ላይ ሊመሠረት ይገባል።

የማጣሪያው ቀዳሚ ተግባር

የማጣሪያው ቀዳሚ ተግባር ጉልበት መጨመር ሳይሆን ሞተሩን ከአቧራ መጠበቅ ነው። በጠጠርና በአፈር መንገድ ላይ የሚነሣው አቧራ ከብዙ ብረቶች ይልቅ የጠነከረ ደቃቅ አሸዋ ይዟል። ይህ አሸዋ ማጣሪያውን አልፎ ከገባ ከሞተር ዘይት ጋር ተቀላቅሎ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተኑን ቀለበቶች ይሞርዳል። ጉዳቱ ወዲያውኑ አይታይም፤ ከጊዜ በኋላ ግን ሞተሩ ዘይት መብላትና ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ይጀምራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው የሞተር እድሳት ከማጣሪያ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በገበያ ላይ የሚገኙ አማራጮች

1. የወረቀት ማጣሪያ፦ በፋብሪካው ሳጥን ውስጥ የሚገባ መደበኛ ማጣሪያ ነው። ደቃቅ አቧራን በሚገባ ይይዛል፤ ሲቆሽሽ በአዲስ ይተካል። በአቧራማ መንገድ ለሚሄድ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ተመራጭ ነው።

2. የሚታጠብ የጥጥ ማጣሪያ፦ በልዩ ዘይት የሚረጥብ ሲሆን ታጥቦ በድጋሚ ያገለግላል። ዘይቱ ካነሰ አቧራ ያሳልፋል፤ ከበዛ ደግሞ የአየር መጠን የሚለካውን ሴንሰር ሊበክል ይችላል። ስለዚህ የአምራቹን መመሪያ በትክክል ለሚከተል ባለንብረት ብቻ ይመከራል።

3. በኮፈን ሥር የሚገጠም ክፍት ማጣሪያ፦ የፋብሪካው ሳጥን ተነሥቶ በምትኩ የሾጣጣ ቅርጽ ያለው ማጣሪያ ይገጠማል። የሞተሩ ድምፅ ስለሚጎላ ጉልበት የጨመረ ይመስላል። ነገር ግን ከሞተሩ አጠገብ የሞቀውን አየር ይስባል። የአየሩ ሙቀት በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በውስጡ ያለው ኦክስጅን ወደ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አየሩ በ30 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ኦክስጅን ይጎድላል ማለት ነው።

4. ዝቅ ብሎ የሚገጠም ረጅም ቱቦ፦ ማጣሪያው ከሞተሩ ርቆ ከመከላከያው ወይም ከጎማው አካባቢ ቀዝቃዛ አየር ይስባል። በክረምት ወራት ጎርፍ በሚተኛበት መንገድ ግን ከአየር ጋር ውኃ ሊስብ ይችላል። ውኃ እንደ አየር አይታመቅም፤ በመሆኑም ወደ ሲሊንደር ከገባ የፒስተኑን ዘንግ አጣምሞ ሞተሩን በቅጽበት ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል።

5. ወደ ጣሪያ ከፍ ያለ ማስገቢያ፦ በገጠር መንገድ ለሚሠሩ ፒካፖችና የመስክ መኪኖች ይገጠማል። ከመሬት ከሚነሣው አቧራ ራቅ ያለ አየር ያስገባል። ውኃን የሚከላከለው ግን መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ በሚገባ ከታሸጉ ብቻ ነው።

ጉልበትና የነዳጅ ፍጆታን በሚመለከት

በአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በከተማዋ ጉልበቱ የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማንኛውም ዓይነት ማጣሪያ ይህንን ሊያካክስ አይችልም።

ዘመናዊ የቤንዚን መኪና የሚገባውን አየር ለክቶ ነዳጁን በዚያው መጠን ይሰጣል። ስለሆነም ማጣሪያው ሲደፈን በዋናነት የሚጎዳው የመኪናው ፍጥነት የመጨመር አቅም እንጂ የነዳጅ ፍጆታው አይደለም። በካርቡሬተር በሚሠሩ አሮጌ መኪኖች ግን የተደፈነ ማጣሪያ ፍጆታን ይጨምራል፤ በናፍጣ መኪኖችም ጥቁር ጭስ ያስከትላል። መኪናው ጉልበት ካጣ ወይም ፍጆታው ከጨመረ፣ አዲስ የአየር ማስገቢያ ከመግዛት በፊት የነባሩን ማጣሪያ፣ የካንዴላውንና የጎማውን ነፋስ ሁኔታ ማስመርመር ይገባል።

ከመግዛት በፊት የሚጣሩ ጉዳዮች

• ማጣሪያው ለመኪናው ሞዴል፣ የምርት ዘመንና የሞተር ዓይነት የተዘጋጀ መሆኑ፤
• የጎማ ጠርዙ ያልደረቀ፣ እጥፋቶቹ እኩል የተደረደሩና ሙጫው ያልተላቀቀ መሆኑ፤
• አምራቹ በአይኤስኦ 5011 መለኪያ የተገኘ የማጣራት ውጤት ማሳየቱ። «ብዙ አየር ያሳልፋል» የሚለው ብቻውን በቂ አይደለም፤ ብዙ አየር የሚያሳልፍ ማጣሪያ ብዙ አቧራም ሊያሳልፍ ይችላልና፤
• አየሩ የሚሳብበት ቦታ ከሙቀትም ከውኃም የራቀ መሆኑ።

ከተገጠመ በኋላ

የወረቀት ማጣሪያን በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ኃይለኛ ነፋስ ወረቀቱን በዓይን በማይታይ ሁኔታ ሊቀድ ስለሚችል አይመከርም። የመለወጫ ጊዜውን በመኪናው መመሪያ መሠረት መከተል፣ በአቧራማ መንገድ ለሚሠራ መኪና ደግሞ ጊዜውን ማሳጠር ያስፈልጋል።

ማጣሪያው በትክክል መሥራቱን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከማጣሪያው በኋላ ያለው ቱቦ ተፈትቶ ውስጡ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠረጋል። ጨርቁ ላይ አቧራ ከታየ ማጣሪያው ወይም መገጣጠሚያው አቧራ እያሳለፈ ስለሆነ ሳይዘገይ መስተካከል አለበት።

ዓመታዊ ምርመራን በሚመለከት

የተሽከርካሪ ምርመራ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ይከናወናል። በአየር ማስገቢያው ላይ ለውጥ ለማድረግ የሚፈልግ ባለንብረት፣ ለውጡ በምርመራ ረገድ ተቀባይነት ያለው መሆኑን መኪናው ከተመዘገበበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ቢጠይቅ ከድጋሚ ወጪ ይድናል። የተነሣውን የፋብሪካ ሳጥንና ቱቦም መጣል አይገባም፤ አስፈላጊ በሆነ ጊዜ መኪናውን ወደ ቀድሞ ሁኔታው ለመመለስ ያገለግላሉና።

በአጠቃላይ በአገራችን መንገድና ከፍታ ለአብዛኛው ባለንብረት የሚበጀው ምርጫ ነባሩን ሳጥን ሳይነኩ፣ ለመኪናው የተዘጋጀ ጥራት ያለው ማጣሪያ በወቅቱ መተካት ነው።