ፈረስን ለመግራት የእጅ ስልክን መጠቀም

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ፈረስ የማይገባበት ሥራ ጥቂት ነው። ይታረስበታል፣ ጭነት ይጓጓዝበታል፣ ሙሽራ ይታጀብበታል፣ ለቅሶ ይደረስበታል። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብርም የአካባቢው ፈረሶች አጊጠው አደባባይ ይወጣሉ። በዓድዋ ለዘመቱ ፈረሶችና ፈረሰኞች መታሰቢያ የሆነው በዓል ግን በጥቂት ቀናት ያልፋል። ፈረሱ ለበዓሉም ሆነ ለዓመቱ ሥራ የሚበቃው በቀሪዎቹ ቀናት በሚያገኘው ግራት ነው።

ፈረስ የመግራት ሙያ በማየትና በመሞከር ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆይቷል። ሙያው የሚያኮራ ቢሆንም አንድ ክፍተት አለበት፤ ኮርቻ ላይ ያለ ሰው ራሱን ማየት አይችልም። ዛቡን ምን ያህል ጠብቆ እንደያዘ፣ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ እንደተቀመጠ፣ ፈረሱ ከታዘዘለት በኋላም መጎሰሙን እንዳላቆመ አያስተውልም። ፈረሱ እምቢ ሲል "አመለኛ ነው" ይባልና አለንጋ ይጨመርበታል። በዚህ መንገድ ያደገ ፈረስ ልጓም የማይሰማ፣ የሚራገጥና የሚደነብር ይሆናል። ባለቤቱ ሊያገለግለው ይችል የነበረውን እንስሳ በርካሽ ይሸጣል፤ ከዚያ ሲብስም ሰው ይጎዳል።

ዓይን ያላየውን ካሜራ

የሰው ዓይን የፈረስን ፈጣን እንቅስቃሴ ለይቶ መከታተል እንደማይችል ከታወቀ ቆይቷል። ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከመሬት ይለቃሉ ወይስ አይለቁም የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በመሮጫ ዳር ካሜራዎችን ደርድሮ ያነሳቸው ተከታታይ ፎቶግራፎች ክርክሩን ዘጉት፤ እግሮቹ ከሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ አራቱም ከመሬት ይለቃሉ። ያን ጊዜ ብዙ ካሜራ የጠየቀውን ሥራ ዛሬ በአርሶ አደሩ ልጅ ኪስ ያለው ስልክ ይሠራዋል።

ፈረስ የሚማረው ከጫና መላላት ነው። ዛቡ ሲሳብ ይጨነቃል፤ ሲቆም ዛቡ ከላላለት "መቆም ዕረፍት ያመጣል" ብሎ ይይዛል። ዛቡ ዘግይቶ ከላላ ግን ፈረሱ ዕረፍቱን የሚያያይዘው ከመቆሙ ጋር ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ካደረገው ነገር፣ ለምሳሌ ራሱን ከመወርወሩ ጋር ነው። በዚህ ጊዜ ሰውየው ሳያውቀው መጥፎ አመል እያስተማረ ነው። ቪዲዮው በዝግታ ሲታይ ፈረሱ የታዘዘበትና እጁ የላላበት ቅጽበት ተለያይተው ይታያሉ። ጆሮውን ወደኋላ መጣሉ፣ አፉን መክፈቱ፣ ጭራውን ደጋግሞ መወርወሩም የመጨነቁ ምልክቶች ናቸው።

እንዴት ይቀረጽ?

ቀራጩ ከጋላቢው ሌላ ሰው ይሁን፤ እየጋለቡ መቅረጽ አደጋ አለው። ስልኩ በአግድም ይያዝ፤ ፀሐይ ከቀራጩ ጀርባ ትሁን። ፈረሱ ከራስ እስከ ሰኮና እንዲታይ ከራግጫ በራቀ ቦታ መቆም ይገባል። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይበቃል። በየሳምንቱ በዚያው ቦታና በዚያው ልምምድ መቅረጽ ለውጡን ለማነጻጸር ይረዳል። ሲታይም አሥር ስህተት ከመልቀም አንዱን ለይቶ በማግስቱ እርሱን ብቻ ማረም ይሻላል።

ቪዲዮው ለጤናም ይጠቅማል። ፈረሱ ጠንካራና ሜዳ በሆነ መሬት ላይ ለኮው ላላ ተደርጎ በእርምጃና በሶምሶማ እየተመራ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ይቀረጽ። የታመመው የፊት እግር ከሆነ፣ ያ እግር መሬት ሲነካ ፈረሱ ራሱን ወደ ላይ ያነሳል፤ ደህናው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። በዓይን ያመለጠ ማንከስ በዝግታ ሲታይ ይለያል። ኮርቻው ወደ አንድ ጎን መንሸራተቱም የጀርባ ቁስል ከመድረሱ በፊት ይታወቃል። ቪዲዮውን ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳየት ምርመራውን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ከወረዳ ምን ይጠበቃል?

ቪዲዮ ለግብርና ኤክስቴንሽን እንግዳ አይደለም። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመሆን አርሶ አደሮች ራሳቸው የሚታዩባቸውን ቪዲዮዎች በትንንሽ ፕሮጀክተሮች ሲያሳይ ቆይቷል። ይህ ልምድ ከጤፍና ከድንች አልፎ ለፈረስም ሊውል ይችላል። የወረዳ እንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቶች ትልቅ በጀት ሳይጠብቁ በየቀበሌው ፈረሰኞች የሚሰበሰቡበትን ቀን ተጠቅመው አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛና አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢመድቡ፣ የነባር ገሪዎችን ሙያ ቀርጸው ለወጣቶች ቢያሳዩ ጅምሩ ይበቃል። ዘመናዊ ስልክ የሌለው አርሶ አደርም በጎረቤቱ ስልክ ይማራል። የሰው ስህተት ለመሳለቂያ እንዳይውል ግን ቪዲዮው ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ መሰራጨት የለበትም።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ስልኩም እንዲሁ ያሳያል እንጂ አይገራም። ያየውን አምኖ በማግስቱ እጁን ቀደም ብሎ የሚያላላ፣ አለንጋውን የሚያስቀምጥና ኮርቻውን የሚያስተካክል ባለቤት ግን ሥራ የሚወድ ፈረስ ይኖረዋል።