ግማሽ ዶሮ በሙሉ ዋጋ!

«ልጄ አይበላልኝም ብዬ አልሰጋም። ማታ ማታ ዶሮውን አበላዋለሁ።»

ይህን ያለችኝ አንዲት የማውቃት ወጣት እናት ናት። ኮንዶሚኒየም ተከራይታ የስድስት ዓመት ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ተገትራ፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውላ፣ ማታ ስትገባ ወጥ ለመሥራት ጊዜውም አቅሙም የላትም። ስለዚህ ከሱፐር ማርኬት ፍሪዘር ውስጥ ቺክን ነጌት ትገዛለች። መጥበሻ ላይ ጣል፣ ገልበጥ፣ በቃ! ልጁ ሽሮ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ ነጌት ሲያይ ግን ይዘላል።

እሷስ ምን ትበላለች? ያደረ ሽሮ! ደመወዟ ለሁለት ሰው ነጌት አይበቃማ። «ሥጋውማ ለእሱ ነው» ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ቤቷ ሄጄ ካርቶኑን አነሳሁት። ፊት ለፊቱ ላይ ደረቷን የነፋች፣ የምታምር ዶሮ ተስላለች። ገልበጥ ሳደርገው ደግሞ እንደ ጉንዳን የደቀቁ ፊደላት! ዶሮው ከግማሽ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። የቀረው የስንዴ ዱቄት፣ ውሃ፣ ዘይት፣ ስታርች፣ ጨው፣ ቅመም... «ምን ይላል?» አለችኝ። እስቲ አሁን ምን ብዬ ልንገራት?

ለመሆኑ ነጌት ምንድነው?

ነገሩን የጀመሩት በኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የምግብ ሳይንቲስት ሮበርት ቤከር ናቸው። ዶሮ አርቢዎች ብዙ እንዲሸጡ ዘዴ ሲፈልጉ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ተፈጭቶ በጣት ቅርጽ የተሠራ፣ በፍርፋሪ የተሸፈነ ዶሮ ይዘው ብቅ አሉ። ሁለት ነገር አስቸግሯቸው ነበር። የተፈጨ ሥጋ ያለ ቆዳ እንዴት ሳይበታተን ይቆያል? ሽፋኑስ ሲቀዘቅዝና ሲጠበስ እንዴት አይላቀቅም? መፍትሔው ጨውና ኮምጣጤ፣ የወተትና የእህል ዱቄት፣ ከዚያም ማቀዝቀዝ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1983 ማክዶናልድስ የራሱን ነጌት በመላ አሜሪካ መሸጥ ሲጀምር ደግሞ ነገሩ ዓለምን አዳረሰ።

ልብ በሉ! የፋብሪካ ነጌት ገና ከጅምሩ ዶሮ ብቻ አልነበረም። አያይዞ ያቆመው ጨውና ዱቄት ነው። ስለዚህ «አታለሉን» ብለን መጮህ አንችልም፤ ጀርባው ላይ ጽፈውልናል። ያላነበብነው እኛ ነን።

ቁጥሩ ሲናገር

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ቁጥር ማንበብ ለማንም አይከለከልም።

100 ግራም ያለ ቆዳ የበሰለ የዶሮ ደረት 165 ካሎሪ ያህል፣ 31 ግራም ፕሮቲንና 4 ግራም የማይሞላ ቅባት አለው። ሶዲየም የሚባለው የጨው ንጥረ ነገር 74 ሚሊ ግራም ብቻ ነው።

100 ግራም ነጌትስ? ስድስት ፍሬ ገደማ ማለት ነው። እንደ ፋብሪካው ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 300 ካሎሪ፣ ወደ 15 ግራም ፕሮቲን፣ ከ15 እስከ 20 ግራም ቅባት አለው። ሶዲየሙ 500 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ፕሮቲኑ ግማሽ፣ ቅባቱ አራት አምስት እጥፍ፣ ጨውማ አታንሱት! ቤት ስንደርስ እንደገና ዘይት ውስጥ ስንነክረው ደግሞ ሌላ ቅባት ይጨምራል።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው፣ ማለትም ከ2000 ሚሊ ግራም በታች ሶዲየም ይውሰድ ይላል። ለልጅ ከዚያም ያንሳል። ፊልም እያየ 12 ፍሬ ጥርግ ያደረገ ጎረምሳ የቀኑን ጨው ግማሽ በመክሰስ ብቻ ጨርሷል ማለት ነው። ካቻፑ ገና አልተቆጠረም! እሱም ጨውና ስኳር አለው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ሐኪሞች ከሁለት ፈጣን ምግብ ቤቶች አንድ አንድ ነጌት ወስደው በማይክሮስኮፕ አይተው ነበር። በአንዱ ውስጥ የዶሮ ጡንቻ ሥጋ ግማሽ ያህል፣ በሌላው 40 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት። የቀረው ስብ፣ የደም ሥር፣ ነርቭ፣ የአጥንት ስባሪ ነበር። እርግጥ ሁለት ፍሬ ታይቶ በዓለም ነጌት ሁሉ ላይ አይፈረድም። ግን «ዶሮ» የሚለው ቃል ምን ምን ሊሸከም እንደሚችል ያሳያል።

ሽሮውን አትናቁት

ያቺ እናት «ሥጋ» ብላ ለልጇ የምትሰጠውና ለራሷ የምታስቀረው ያን ያህል የተራራቀ ነው እንዴ? ሁለት እንቁላል ወደ 12 ግራም ፕሮቲን አለው። በ50 ግራም የሽንብራ ዱቄት የተሠራ ሽሮ ወደ 10 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፤ በዚያ ላይ አሰርና ብረት አለው። ጨውና ዘይቱን የምትመጥነውም ራሷ ናት። ዋጋውን አወዳድሩትና ፍረዱ።

ታዲያ ምን ይሻላል?

1. ካርቶኑን ገልብጡ። ንጥረ ነገር የሚጻፈው በብዛቱ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ዶሮ ይሁን፤ በመቶ ስንት እንደሆነም ፈልጉ። «ሜካኒካሊ ሴፓሬትድ» የሚል ካለ ከአጥንት ላይ በማሽን ተጨምቆ የወጣ ሥጋ ነው።

2. በዘይት ከመንከር በኦቨን ወይም በደረቅ መጥበሻ አሙቁት። ውጪው ቡናማ ሆኖ ውስጡ ጥሬ የሆነ ነጌት አለና መሃሉ በደንብ ይብሰል።

3. ፍሪዘሩን አትውቀሱት። ማቀዝቀዝ በራሱ ምግብን አያበላሽም። አደጋው መብራት ሲጠፋ ነው! ጢም ብሎ የሞላና በሩ ያልተከፈተ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ያህል ይታገሳል። የፍሪጅ ላይኛዋ ጠባብ ክፍል ግን ያን ያህል አትችልም። ቀልጦ ከሁለት ሰዓት በላይ ሙቀት ላይ የቆየውን ጣሉት፤ እንደገና አቀዝቅዞ መብላት ሆድን ለሕመም መስጠት ነው።

4. ራሳችሁ ሥሩት። የዶሮ ደረት ቆራርጡ፣ እንቁላል ውስጥ ንከሩ፣ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ላይ አንከባሉ፣ ጨው ቆንጠር አድርጉ። እሁድ ሠርታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡት ለሳምንት ይበቃል። ሙሉ ዶሮ በሙሉ ዋጋ ይሏል ይሄ ነው!

ነጌት መርዝ ነው አላልኩም። ለአንድ ቀን ፍላጎት፣ ለልደት፣ ለእንግዳ ልጅ ማን ይከለክላል? ግን የየዕለት ራት ሲሆን፣ ያውም «ሥጋ» ተብሎ እናት ከጉሮሮዋ ነጥቃ ስትገዛው ያሳዝናል።

ያቺን ወዳጄን ባለፈው ሳምንት አገኘኋት። ነጌቱ አልቀረም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ሆኗል። በሌላው ቀን ለልጁ እንቁላል ሽሮ ላይ ሰብራ ትሰጠዋለች። «መጀመሪያ አለቀሰ» አለችኝ እየሳቀች፤ «አሁን ግን ከእኔ ሳህን ይሻማል። ሁለታችንም አንድ ነገር እየበላን ነው!»

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ካርቶን መገልበጥ አትርሱ።