ዘፈኑ አለ፣ ታሪኩ ይምጣ

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ላደገ ወጣት ሲኒማ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ኤድና ሞል ነው፤ ፈንዲሻ ይዞ ማቲ ሲኒማ መግባት። የአማርኛው የፍቅር ኮሜዲም «የወንዶች ጉዳይ» መንገዱን ከጠረገለት ወዲህ ከተማውን ሲያሰልፍ ኖሯል። እዚያው ቦሌ፣ ዮድ አቢሲኒያ ደግሞ ማታ ማታ እስክስታው፣ የጉራጌውና የወላይታው ጭፈራ መድረኩን ያናውጠዋል። ሳቁና ጭፈራው ይህን ያህል ተጎራብተው ፊልም ላይ ሳይጋቡ መቅረታቸው ይገርመኛል።

ሆሊውድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ሠርጉን ደግሶ ነበር። ኤም.ጂ.ኤም. ስቱዲዮ ውስጥ አርተር ፍሪድ የሚባል ፕሮዲዩሰር ደራሲውን፣ አቀናባሪውንና ዳንሰኛውን አንድ ላይ ሰብስቦ እያሳቁ የሚያዘፍኑ ፊልሞችን ያወጣ ነበር። «አን አሜሪካን ኢን ፓሪስ» የ1951ን ምርጥ ፊልም ኦስካር ወሰደ። በ1952 የመጣው «ሲንጊን ኢን ዘ ሬን» ግን አሠራሩም ለብቻው ተረት ነው። ፍሪድ ፕሮዲዩሰር ከመሆኑ በፊት የዘፈን ግጥም ጸሐፊ ነበር። የድሮ ዘፈኖቹን አወጣና ለሁለት ደራሲዎች፣ ለቤቲ ኮምደንና ለአዶልፍ ግሪን ሰጣቸው፤ ታሪክ ፈልጉላቸው አለ። እነሱም ብዙዎቹ ዘፈኖች ፊልም መናገር በጀመረበት ዘመን የወጡ መሆናቸውን አይተው ታሪኩን እዚያው ዘመን ላይ ተከሉት።

ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል። ዋናው ተዋናይ ጂን ኬሊ ግን ዣንጥላውን አጥፎ ውኃ ባቆረ መንገድ ላይ ሲቦርቅ ከ39 ዲግሪ በላይ ያተኩሰው ነበር። አብራው የተወነችው የ19 ዓመቷ ዴቢ ሬይኖልድስ ዳንሰኛ አልነበረችም፤ አንዱን ጭፈራ ቀን ሙሉ ሲቀርጹ ውለው እግሯ ደምቷል።

ወደ እኛ እንምጣ። በአማርኛ ፊልም ፍቅረኞቹ ተያይዘው ሲሄዱ ከጀርባ ዘፈን ይለቀቅላቸዋል እንጂ ራሳቸው አፋቸውን አይከፍቱም። «ሰው መንገድ ላይ ድንገት ቢዘፍን ማን ያምናል?» የሚሉ አሉ። የህንድ ፊልም ሲያይ ያደገ ተመልካች ይህን ጥያቄ ማንሳቱ ራሱ ኮሜዲ ነው! ደግሞስ አዝማሪ ቤት ምን እየተሠራ ነው? እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው በማሲንቆው አጅቦ ለጎረቤቱ ወንበር ያቀብላል፤ የተነካው ሰው እየሳቀ መልስ ያዋጣል። ከዚህ በላይ በዘፈን መነጋገር የለም።

የፍሪድን መንገድ የሚከተል አንድ ፕሮዲዩሰር ብቻ ነው የጎደለን። የድሮ ዘፈን እንደሆነ የጥላሁን፣ የብዙነሽ፣ የማህሙድ፤ ቤቱ ሞልቷል። ባለመብቶቹን ማስፈቀድና መክፈል ግድ ነው፣ በጀቱም ቀላል አይሆንም። ለእኔ ቢተው ግን መክፈቻው ክረምት፣ ቦሌ መድኃኔዓለም ታክሲ ተራ ይሆናል። ወያላው «መገናኛ! መገናኛ!» ሲል ምቱን ይዞልናል፤ ተራ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ይቀበለው፣ የቀረው የአቀናባሪው ጣጣ ነው።