«ዘንድሮ አይደል? ስንት ታመጣለህ?»

ሰኔ ሲገባ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ያስታውቃል። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይቀነሳል፤ ታናናሾቹ «ዝም በሉ፣ እያጠና ነው» ይባላሉ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዘንድሮ አይደል? ስንት ታመጣለህ?» ጠያቂው ክፉ አላሰበም፤ ስለሚወደው ነው የሚጠይቀው። ልጁ ግን የሚመልሰው የለውም። ማታ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቦ ምንም አልገባ ሲለው፣ ጥያቄው አብሮት ተቀምጧል።

ይህን ጭንቀት ብዙዎቻችን የልጁ ድክመት አድርገን እናየዋለን። «በራስህ ተማመን» እንለዋለን። እስቲ ቁጥሮቹን እንይ። የ2014 ዓ.ም. የአገር አቀፍ ፈተና ተፈታኞች ውጤት በጥር 2015 ይፋ ሲሆን፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። በ2015ቱ ፈተና ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የፊዚክስ መምህር ሳይኖረው፣ መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት እየተጋራ እዚህ የደረሰ ልጅ ቢጨነቅ ምን ይገርማል? የሚጨነቀው ያለበትን ስለሚያውቅ ነው። እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት የተማረን ልጅ «ጠንክር» ብቻ ብሎ መሸኘት፣ የመምህሩንም የወረዳውንም የሚኒስቴሩንም ዕዳ በአንድ ታዳጊ ጫንቃ ላይ መጫን ነው።

ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የገባበትን ምክንያት አንረሳውም። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቆ አገር አቀፉ ፈተና ተሰርዞ ነበር። ከዚያም በኋላ ኩረጃው አልቆመም። ሌት ተቀን ያነበበው ልጅ ከኮረጀው እኩል፣ አንዳንዴም በታች ይወጣ ነበር። ስለዚህ ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ መደረጉን እደግፋለሁ። ያነበበ ልጅ ሊተማመንበት የሚችል ፈተና ያስፈልገዋል። ነገር ግን ኩረጃን የቀነሰው ይኸው አሠራር አዲስ ጭንቀት ይዞ መጥቷል፤ ስለዚህኛው ደግሞ እምብዛም አናወራም።

ከገጠር ወረዳ የምትነሳን አንዲት ልጅ አስቡ። እናቷ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራላታለች፤ ጋቢም ጨምራለች። ለብዙ ቀናት ከቤቷ ርቃ ስታድር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። በሩ ላይ ትፈተሻለች፤ ስልክ ክልክል ስለሆነ ሲጨንቃት የእናቷን ድምፅ መስማት አትችልም። ዶርም ውስጥ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ትተኛለች፤ አንዷ በባትሪ ታጠናለች፣ አንዷ ታለቅሳለች። ጠዋት ለቁርስ ተሰልፋ፣ ከኋላዋ ያሉት «ኬሚስትሪው እንዲህ ነው አሉ» ሲባባሉ ትሰማለች። ወረቀቱን ስትገልጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ጭራሽ አይታው የማታውቀው ይመስላታል። ልቧ ይመታል፣ እጇ ያልበዋል፤ ትናንት በቃሏ የምታውቀው ቀመር ጥፍት ይላል።

የጠፋው ግን እውቀቷ አይደለም። አእምሯችን ለጊዜው ይዞ የሚያሠላስልበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ስጋት ሲይዘው ለጥያቄው የሚተርፍ ቦታ ያንሳል። ራሚሬዝ እና ባይሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህን መነሻ ያደረገ ነው። ከፈተና በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ስለ ፈተናው የሚያስፈራቸውን ሁሉ በወረቀት ላይ የጻፉ ተማሪዎች፣ በተለይም ፈተና አብዝተው የሚፈሩት፣ ካልጻፉት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ይህ ዶርም ውስጥ፣ በማለዳ፣ በአሮጌ ደብተር ጀርባ ላይ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ማንም አያነበውም፤ ተቀዶ ይጣላል። አዳራሽ ውስጥ ደግሞ አተነፋፈስን ዝግ አድርጎ፣ የከበደውን ጥያቄ አልፎ የሚያውቁትን መሥራት ይረዳል።

ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት ግን ይበልጣሉ። ሌሊቱን በቡና፣ አንዳንዱም በጫት፣ እየቸከሉ ማንጋት እንደ ጀግንነት ይቆጠራል። ቀን የተነበበው በአእምሮ የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና እንቅልፉን የቀማ ንባቡን ቀማ። የሽምደዳም ነገር እንዲሁ ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ ጽሑፍን ደጋግመው ያነበቡት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በልጠው ተገኙ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጧቸው። ደጋግሞ ያነበበ ልጅ «አውቄዋለሁ» የሚለው ስሜት የሚከዳው ለዚህ ነው። መጽሐፉን ዘግቶ ያስታወሱትን በባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ፣ ያለፉ ዓመታትን ፈተናዎች ሰዓት ይዞ መሥራት ያደክማል፤ ግን የጎደለውን ያሳያል። ከሳምንታት በፊት ጀምሮ በጊዜ ተኝቶ ማልዶ መነሳትንና ስልክ አስቀምጦ መዋልን የለመደ ልጅም ግቢው አይከብደውም።

አንዳንዱ ጭንቀት ግን በጥናት ዘዴ አይመለስም። ልጅ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከዘጋው፣ «ከወደቅሁ መኖር አልፈልግም» ማለት ከጀመረ ይህ ስንፍናም ማስፈራሪያም አይደለም። ብቻውን ሳይተዉ በአስቸኳይ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። ጸሎቱም፣ ጠበሉም፣ ዱዓውም ከሐኪም ጋር አይጣሉም። በየትምህርት ቤቱ አንድ የሠለጠነ የምክር አገልግሎት ሰጪ ማስቀመጥም ከቅንጦት መቆጠር የለበትም።

ወላጅ ከፈተናው በፊት ማድረግ የሚችለው ትልቁ ነገር፣ ባያልፍ ምን እንደሚሆን ቁጭ ብሎ መነጋገር ይመስለኛል። «ክፉ አታሟርት» የሚል ይኖራል። ግን ልጁ ይህን ማታ ማታ ብቻውን እያሰበው ነው። ከ2015 ጀምሮ 50 በመቶ ካላመጡት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸው በሪሚዲያል ፕሮግራም ለወራት ተምረው ዳግም የሚመዘኑበት ዕድል ተከፍቷል፤ ቴክኒክና ሙያም አለ፤ በግል ተመዝግቦ መፈተንም አለ። አባት «ልጄ፣ ካለፍክ እሰየው፤ ካላለፍክ ደግሞ እነዚህን መንገዶች አብረን እናያለን» ቢለው፣ ልጁ ንባቡን አይተውም። ውጤት ሲለቀቅ ደግሞ ብዙው ልጅ በስልኩ ብቻውን ነው የሚያየው፤ ያን ዕለት ማን አብሮት እንደሚሆን ዛሬ ይወሰን።