ስለ ጢም መላጫ ሳሙና አሠራር

የልብስ ሳሙናና የጢም መላጫ ሳሙና በስም አንድ ሲሆኑ በግብር ይለያያሉ። የልብስ ሳሙና ሥራው እድፍን ማስለቀቅ ነው፤ አረፋው ወዲያው ቢጠፋ ማንም አይከፋበትም። የጢም መላጫ ሳሙና ግን ምላጭ በሚያልፍበት ፊት ላይ ቆሞ መቈየት አለበት። ጢም በደረቀ ጊዜ ጠንካራ ነው፤ ውሀ ጠጥቶ ጥቂት ደቂቃ በቈየ ጊዜ ግን ያብጣል፥ ይለሰልሳልም፤ ምላጩም ያለ ብዙ ኀይል ይቈርጠዋል። አረፋው ውሀውን በጠጕሩ ላይ ይዞ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል፤ በምላጩና በቈዳውም መካከል ገብቶ ብረቱን ያንሸራትተዋል። ስለዚህ መልካም የመላጫ ሳሙና የሚባለው አረፋው ደቃቅ፥ ወፍራምና ቶሎ የማይፈርስ ሲሆን ነው። ሽታው ደስ ማሰኘቱ የነጋዴ ነገር ነው፤ ለምላጩ ምንም አይረዳውም።

ሳሙና የሚገኘው ከሁለት ነገሮች መዋሐድ ነው። አንደኛው ቅባት ነው፤ ሁለተኛው አልካሊ የተባለ የሚያቃጥል ነገር ነው። ቅባት ብቻውን ልብስን ያሳድፋል፤ አልካሊም ብቻውን ሥጋን ይበላል። ሁለቱ በልክ በተገናኙ ጊዜ ግን ቅባቱ ቅባትነቱን፥ አልካሊውም ማቃጠሉን ይተዋል፤ በሁለቱም ፈንታ ሳሙናና ግሊሰሪን የሚባል ጣፋጭ ወፍራም ፈሳሽ ይገኛሉ። ሰዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሳሙና ሲሠሩ ኖረዋል፤ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ግን ሚሼል ኤዠን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ መርምሮ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1823 ባሳተመው መጽሐፍ እስኪያስረዳ ድረስ፥ አጥርቶ የሚያውቅ አልነበረም። እርሱም ቅባት ከግሊሰሪንና ከቅባት አሲዶች የተጣመረ መሆኑን ገለጠ። ከነዚህ አሲዶች አንዱ ስቴሪክ አሲድ ይባላል፤ ይህም ስም ሞራ ከሚል የግሪክ ቃል የወጣ ነው። ሼቭረል በ1786 ተወልዶ በ1889 በ102 ዓመቱ ሞተ፤ የዕድሜውም ርዝመት ለሳሙና ነጋዴዎች ጥሩ ማስታወቂያ በሆነ ነበር።

አልካሊም ሁለት ዓይነት ነው፤ ኮስቲክ ሶዳና ኮስቲክ ፖታሽ። በሶዳ የተሠራ ሳሙና ጠንካራ ነው፤ በፖታሽ የተሠራ ግን ለስላሳ ነው፥ በውሀም ቶሎ ይሟሟል። ፖታሽ ማለት በሰሜን አውሮፓ ሰዎች ቋንቋ የድስት ዐመድ ማለት ነው፤ የቀድሞ ሰዎች የእንጨት ዐመድ በውሀ ዘፍዝፈው፥ ያንን ውሀ አጥልለው በድስት እያፈሉ ያደርቁት ነበርና። ያም ዱቄት ገና ደካማ ስለ ሆነ ከኖራ ጋራ ሲፈላ ነው የሚበረታው። የጢም መላጫ ሳሙና ሠሪዎች ሁለቱን አልካሊ ይቀላቅላሉ፤ ሶዳው ሳሙናው ቅርጹን እንዲይዝ፥ ፖታሹም በብሩሽ ሲነካ ፈጥኖ አረፋ እንዲሰጥ ያደርጋሉ።

በኢትዮጵያ ሳሙና ሳይስፋፋ ልብስ በእንዶድ ይታጠብ ነበር። የእንዶድ አረፋ ከፍሬው ከራሱ የሚወጣ ስለ ሆነ ቅባትም ዐመድም አይሻም፤ በዚህም ምክንያት እውነተኛ ሳሙና አይደለም። ነገር ግን የተናቀ ነገር አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፥ ፍሬው የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አስረዱ። ለጢም ግን እንዶድ አይሆንም፤ ልብስን ያነጣው ሁሉ ለፊት ይስማማል ማለት አይደለምና።

አሁን ወደ ቅባቱ እንመለስ። ከሁሉ የሚሻለው የከብት ሞራ ነው፤ ስቴሪክ አሲድ በብዛት ይገኝበታልና። በበዓል ሰሞን ቅርጫ በሚከፋፈልበት ቦታ፥ በልኳንዳም ደጃፍ፥ ብዙ ሞራ በከንቱ ይጣላል። እርሱን ደቅቆ ከትፎ፥ ውሀና ጥቂት ጨው ጨምሮ በቀስታ እሳት ማቅለጥ፥ በንጹሕ ጨርቅም ማጥለል ነው። በበረደ ጊዜ ነጩ ሞራ ከውሀው በላይ ይረጋል፤ ከሥሩ የተጣበቀው ቈሻሻ በቢላዋ ይፋቃል። ሽታው ካልጠፋ ሥራው እንደገና ይደገማል። በዚህ የሚሰለች ሰው ሳሙናውም የወጥ ቤት ሽታ ይሸታል። ኮኮናት ዘይት ቶሎ የሚነሣ ትልልቅ አረፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሲበዛ ቈዳን ያደርቃልና በጥቂቱ ብቻ ይገባል። የሻማ ሠሪዎች ስቴሪክ አሲድ በተጨመረ ጊዜ ደግሞ አረፋው እንደ እርጎ ይወፍራል።

ለአንድ ጊዜ ሥራ የሚበቃው ልክ ይህ ነው፤ ስቴሪክ አሲድ 250 ግራም፥ የነጠረ ሞራ 150 ግራም፥ ኮኮናት ዘይት 100 ግራም፥ ኮስቲክ ፖታሽ 66 ግራም፥ ኮስቲክ ሶዳ 28 ግራም፥ ቀዝቃዛ ውሀ 250 ግራም። ፖታሹ ከመቶ 90 እጅ ንጹሕ የሆነው ነው፤ በዕቃው ላይ የተጻፈው ቍጥር ሌላ ከሆነ ልኩም ይለወጣል። በዚህ ሚዛን ከቅባቱ ከመቶ አምስት እጅ የሚያህል አልካሊ ሳያገኘው ይቀራል፤ ይህም ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ቅባት ቢተርፍ ሳሙናው ጥቂት ይለሰልሳል እንጂ ማንንም አይጐዳም፤ አልካሊ ቢተርፍ ግን የሰው ፊት ይቈስላል። እንግዲህ በኩባያና በማንኪያ መለካት፥ በእጅም ግምት መጨመር ለዚህ ሥራ የተከለከለ ነው። ለወጥ ጨው በግምት የሚጨምር ሰው ቢሳሳት እንግዳው ውሀ ይጠጣል፤ በዚህ የሚሳሳት ግን የሚጐዳው እርሱን አምኖ ጕንጩን የሰጠውን ሰው ነው።

አንዳንዶች የዐመድ ውሀ የተፈጥሮ ነገር ስለ ሆነ ከሱቅ ከሚገዛው አልካሊ ይልቅ አይጐዳም ይላሉ። ይህ ከንቱ አሳብ ነው። የበረታ የዐመድ ውሀ ያው ያቃጥላል፤ ኀይሉንም በሚዛን ማወቅ አይቻልም። እንቍላል በላዩ ሲንሳፈፍ በቃ ማለት የጥንት ልማድ ነው፤ እንቍላሉ ግን የውሀውን ክብደት ይናገራል እንጂ በውስጡ ምን ያህል የሚያቃጥል ነገር እንዳለ አይናገርም። ለልብስ ሳሙና ይበቃ ይሆናል፤ ለፊት አይበቃም።

ሥራው በሚጀመርበት ጊዜ ሠሪው ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርግ፤ መስኮቱንም ይክፈት፤ ሕፃናትን ከዚያ ያርቅ። ሁልጊዜ አልካሊው ወደ ውሀው ይጨመራል እንጂ ውሀው ወደ አልካሊው አይፈስም፤ ይህ ከተገለበጠ ድንገት ፈልቶ ወደ ፊት ይረጫልና። ውሀው ቀዝቃዛ ቢሆንም አልካሊው በገባ ጊዜ በራሱ ይግላል። ዕቃው የማይዝግ ብረት ይሁን። በየቤቱ የሚገኘው የአሉሚኒየም ድስት ፈጽሞ አይሆንም፤ አልካሊው ብረቱን እየበላ ሃይድሮጅን የተባለ የሚቃጠል ጋዝ ያወጣል። ጠብታ በሥጋ ላይ ቢወድቅ ወዲያው በብዙ ውሀ ረዥም ጊዜ ማጠብ ይገባል፤ በዓይን ቢገባም እንዲሁ እያጠቡ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ሎሚና ኮምጣጤ በቍስል ላይ ማፍሰስ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ሕመምንም ይጨምራል።

ቅባቶቹ ሁሉ ውሀ በሚፈላበት ትልቅ ድስት ላይ በተቀመጠ ሌላ ዕቃ ውስጥ በአንድነት ይቀልጣሉ። ጥርት ባሉ ጊዜ የአልካሊው ውሀ ቀስ እያለ ይፈስባቸዋል፤ በእንጨት ማማሰያም ይማሰላል። ስቴሪክ አሲድ አልካሊን ሲያገኝ አይታገሥም፤ ከመቅጽበት ይጓጕላል፥ የተበላሸም ይመስላል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚደፉት በዚህ ሰዓት ነው፤ መድፋት ግን አይገባም። ማማሰያውን ሳይለቁ ቢታገሡት ጕጕሉ ይፈርሳል፤ ገንፎም ይመስላል። ከዚያ በኋላ ክዳኑን ከድኖ፥ አልፎ አልፎ እያማሰሉ፥ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ማብሰል ነው። ሲበስል መልኩ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ጥቂት ያሳልፋል፥ ያብረቀርቃልም።

መብሰሉ ግን በዓይን ብቻ አይታመንም። የቀድሞ ሠሪዎች በምላሳቸው ጫፍ ይቀምሱት ነበር፤ ከቈነጠጣቸው ገና ነው ይሉ ነበር። ዛሬ ከመድኀኒት ቤት ወይም ከኬሚካል ነጋዴ ፊኖልፍታሊን የሚባል ፈሳሽ ይገኛል፤ ጠብታው በሳሙናው ላይ ወድቆ በጣም ቢቀላ ያልተዋሐደ አልካሊ አለበት ማለት ነው። ያን ጊዜ እንደገና ይበስላል። ብዙ ጊዜ በስሎም መቅላቱን ካልተወ፥ ሚዛኑ ተሳስቷልና ለፊት እንዳይውል፤ ለወለል መጥረጊያ ይሁን። ሳሙናው ነጭ፥ ሽታውም ያማረ ስለ ሆነ ብቻ ይህን ምልክት አይቶ ለጠጕር ቈራጭ የሚሸጥ ሰው፥ ገንዘቡን የተቀበለው ከእርሱ ሲሆን ጕዳቱን የሚያደርሰው ስሙን እንኳ በማያውቀው ሰው ፊት ላይ ነው።

ከበሰለ በኋላ ከእሳት አውርዶ 25 ግራም ግሊሰሪን መጨመር፥ ሳይበርድም በጐድጓዳ ጣሳ ውስጥ በማንኪያ እየጠቀጠቁ መሙላት ነው። አየር ውስጡ ከቀረ ሳሙናው ይሸነቈራል። በማግሥቱ ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በነፋሻ ቦታ ቢቈይ ውሀው እየቀነሰ ይጠነክራል፥ አረፋውም ይሻሻላል።

በሚላጩበት ጊዜ ፊትን በሙቅ ውሀ ማራስ፥ ብሩሹንም አርሶ ውሀውን ካራገፉ በኋላ በሳሙናው ላይ ማሽከርከር ይገባል። ውሀው ኖራማ በሆነ አገር ሳሙናው ከኖራው ጋራ ተያይዞ ዝቃጭ ስለሚሆን አረፋው ይሳሳል፤ በዚያ ስፍራ የዝናም ውሀ ቢገኝ ይሻላል። ብሩሽና ምላጭ ለየሰው ለየራሱ ይሁን፤ ደም በነካው ምላጭ የጕበት በሽታና ኤች አይ ቪ ይተላለፋሉ፥ ሳሙናም ይህን አይከለክልም። ብሩሹ ታጥቦና ውሀው ተራግፎ ጠጕሩ ወደ ታች ሆኖ ይሰቀል፤ የሳሙናውም ጣሳ እስኪደርቅ ድረስ ሳይከደን ይቈይ።